ወንድሜ «እግዚአብሔር ያለ አይመስለኝም» አለ፤ ጸበል እንውሰደው?

ደብዳቤው (አጠር ተደርጎ የቀረበ)፦

«እንደምን ሰነበቱ? የ31 ዓመት ሴት ነኝ። አፍንጮ በር አካባቢ ከእማዬና አራት ኪሎ ፊዚክስ ከሚማር የ22 ዓመት ወንድሜ ጋር ነው የምኖረው። አባታችን በስኳር ሕመም ብዙ ዓመት ቆይቶ አምና አረፈ። መጨረሻ ላይ አንድ አጥማቂ ‹ኢንሱሊኑን ተው› ብሎት ትቶ ነበር። ጠዋት ማታ የሚወጋው ወንድሜ ነበር፤ የተረፈው ብልቃጥ እስከ ዛሬ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ ማንም አይነካውም። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መግባት አቆመ። እሁድ እሁድ እማዬን ጊዮርጊስ ድረስ ያደርሳታል፤ እሱ ግን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃታል። ባለፈው ፋሲካ ገበታ ላይ ተቀምጠን ‹እግዚአብሔር ያለ አይመስለኝም› አለ። እማዬ ‹ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል፤ ስትሞት ማን ይቀብርሃል?› ብላ አለቀሰች። አሁን ጸበል ይወሰድ ትላለች። አጎቴ ደግሞ በየቀኑ የቲክቶክ ክርክር ይልክለታል። እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ጡት ጠብተን፣ አንድ ቤት አድገን እሱ እንዴት ካደ? ይባስ ብሎ እኔ ራሴ ለምን እንደማምን ብጠየቅ መልስ የለኝም። የአባታችን ሙት ዓመትም ደርሷል፤ ይምጣ ወይስ ይቅር?» ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ ሰ.፣

ከቀላሉ ልጀምር፤ ጸበል አትውሰዱት። ራሱ ፈልጎ «እንሂድ» ካለ ሌላ ነገር ነው። ተጎትቶ፣ ተለምኖ ወይም «ለእናትህ ስትል» ተብሎ ግን አይሆንም። ምክንያቱን ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ ጽፈሽው ግን በሁለት መስመር አልፈሽ ስለ እሁድ ማውራት ጀመርሽ። መርፌውን ጠዋት ማታ የሚይዘው እሱ ነበር። «ተው» ሲባልም መርፌውን ያስቀመጠው የእሱ እጅ ነው። አሁን ያንኑ ልጅ፣ ያው ቃል ወደተነገረበት ዓይነት ቦታ ለመውሰድ ትመካከራላችሁ። እሱ ይህን ምክክር ከጓዳ ሆኖ ሲሰማ ምን እንደሚል ገምቺ።

በነገራችን ላይ፣ ቤታችሁ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ያለ አንባቢዎች ካላችሁ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታስቁሙ። አንዳንዱ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱ ሲቋረጥበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ እየሆነ ለሞት የሚዳርግ አደጋ ላይ ይወድቃል። ጸበልና መድኃኒት የሚጣሉ ነገሮችም አይደሉም። በመጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክ፣ ምዕራፍ 38 ላይ፣ ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ ፈጣሪ ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ለአባታችሁ ይህን ያነበበላቸው ሰው አለመኖሩ ያሳዝናል።

እንግዲህ «ወንድሜ የካደው አባቱ ስለሞተበት ነው፤ ሲቆይ ያልፍለታል» ብለሽ መደምደም ይቀልሻል። እዚህ ላይ ግን ቀስ በይ። ሐዘኑ በሩን ከፍቶለት ሊሆን ይችላል። ከበሩ ወዲያ ያገኘው ጥያቄ ግን የራሱ ነው፤ ጥያቄውን በሐዘኑ ማስተባበል ንቀት ነው። ያው ሚዛን በአንቺ ላይ ቢዞር ደስ አይልሽም፦ «አንቺ የምታምኚው አፍንጮ በር ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ ስለተወለድሽ ነው፤ ሐረር ጀጎል ብትወለጂ ሰላት ትሰግጂ ነበር» ቢልሽ ምን ትመልሺለታለሽ? እውነቱን ነው፣ ሳይሆን አይቀርም። ግን ሰው እምነቱን ከየት እንዳመጣው ማወቅ፣ ያመነው ነገር እውነት ይሁን አይሁን አይነግረንም። ክህደቱም እንደዚያው።

ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለ። ጀስቲን ባሬት የሚባል የሥነ ልቡና ተመራማሪ፣ ሰው ለምን በማይታይ አካል ለማመን ይቀለዋል ብሎ ሲያጠና የቆየ ነው። ሌሊት ቁጥቋጦ ውስጥ ኮሽ ሲል «ነፋስ ነው» ከማለታችን በፊት «ማን ነው?» ብለን እንደነግጣለን። ለነፋስ የደነገጠ ሰው የሚያጣው ነገር የለም፤ ለጅብ ያልደነገጠ ግን ይበላል። ስለዚህ አእምሯችን ከነገሩ ኋላ አድራጊ መፈለግ ይቀናዋል፤ ይህም በአምላክ ለማመን መንገድ ይጠርጋል ይላል። ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው እምነት የአእምሮ ስሕተት ነው» የሚሉ ሞልተዋል። ባሬት ራሱ ግን ክርስቲያን ነው፤ ጥናቱ እምነቱን አላስጣለውም። አንድ ማስረጃ ይዘው ሁለት ቦታ ይደርሳሉ።

«አንድ ቤት አድገን» ላልሽው የምሰጥሽ መልስ ከዚህ ይለያል። እርግጥ አንድ ቤት ነው ያደጋችሁት፤ ያያችሁት ግን አንድ አይደለም። አንቺ ዘጠኝ ዓመት ትበልጪዋለሽ። አባትሽን በጤናቸው፣ በጉልበታቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲሄዱ ያየሽበት ዘመን ከእሱ ይረዝማል። እሱ በደንብ ያወቃቸው ሲታመሙ ነው።

ጆሴፍ ሄንሪክ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጥናት፣ ልጅ የሚያምነው ትልልቆች የሚነግሩትን ሁሉ እንዳልሆነ ይናገራል። የሚያየው፣ ለሚናገሩት ነገር ምን እንደሚከፍሉበት ነው። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከጊዮርጊስ ብዙም ሳትርቂ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ታገኛለሽ። ጣልያን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚህ አዲስ አበባ የረሸናቸው፣ ተገዙ፣ አርበኞችንም አውግዙ ሲላቸው እምቢ ስላሉ ነው። እሳቸውን አስቦ ያመነ ሰው ስለ ፈጣሪ መኖር የቀረበ ማስረጃ አልመዘነም፤ የተከፈለውን ዋጋ አይቶ ነው «ይህ ነገር ውሸት ሊሆን አይችልም» ያለው። በደርግ ጊዜም እንዲሁ ነበር። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው በውይይት ክበብ ይሰበካል፤ የጴንጤ አዳራሾች ይታሸጋሉ፤ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ያ ሁሉ ሲሆን እምነት ይጠፋል ያለ ካድሬ ብዙ ነበር። ሰው ግን በየቤቱ በር ዘግቶ መጸለዩን አልተወም።

ነገሩ ወደ ሌላውም ጎን ይሠራል። በእምነት ስም የሚናገር ሰው ምንም ሳይከፍል ሌላው ሲከፍል ያየ ልጅ፣ የዚያን ያህል ከእምነት ይርቃል። አጥማቂው ቃሉን ተናግሮ ወደ ቤቱ ሄደ፤ የከፈሉት አባታችሁ ናቸው። ወንድምሽ ያየው ይህን ነው። አንቺ ያየሽው ደግሞ ምናልባት እናትሽን ነው፤ ሌሊት ተነሥተው፣ ጾመው፣ ከጎደላቸው ላይ ቆንጥረው ለነዳያን ሲሰጡ። ሁለታችሁም ያያችሁት እውነት ነው፣ እህቴ። ከአንድ ቤት ሁለት መልስ የወጣው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። ፊዚክስ የሚማር ልጅ ነው፤ በክርክር እንደ ሕፃን አትያዙት። ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ የመከራ ጥያቄ ነው፦ ቸርም ኃያልም የሆነ አምላክ ካለ፣ ይህ ሁሉ ለምን? እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1755 ሊዝበን በምድር መንቀጥቀጥ ስትፈርስ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበር፤ ሰው ቅዳሴ ላይ እያለ ነው አብያተ ክርስቲያናቱ የተደረመሱበት። አውሮፓ ውስጥ ብዙ ጸሐፊዎች ከዚያ በኋላ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት እንደ ወትሮው መጻፍ አቃታቸው። ዳርዊንም ልጁ አኒ በ10 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ1851 ሞታበታለች፤ እምነቱን የሸረሸሩት ነገሮች ብዙ ቢሆኑም ይህ ሞት ከልቡ አልወጣም። ታዲያ ዳርዊን በስተርጅናው ስለ ራሱ የጻፈው «አላውቅም ባይ ነኝ» ብሎ ነው፤ «እግዚአብሔር የለም» ያልኩበት ጊዜ የለም ይል ነበር። ይህን ጥያቄ ካነሣብሽ በአንድ ጥቅስ ልትዘጊው አትሞክሪ። እኔ አማኝ ነኝ፤ ይህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ተሰጥቶት ያየሁበት ጊዜ ግን የለም። መጽሐፈ ኢዮብም እስከ መጨረሻው አልመለሰውም። ኢዮብ ሲጮህ፣ ሲሟገት፣ የተወለደበትን ቀን ሲረግም ቆይቶ እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ላይ ሳይሆን ነገሩን ሁሉ አውቀን እናስረዳህ ባሉት ጓደኞቹ ላይ ነው። አጎትሽ ይህን መጽሐፍ ቢያነቡት ቲክቶኩን ይቀንሱ ይሆናል።

«ሳይንስ የተማረ ሰው አያምንም» የሚለው ግን ቀሽም ክርክር ነው፤ ወንድምሽ ይህን ካለ ልትከራከሪው ትችያለሽ። አጽናፈ ዓለም እየሰፋ ነው የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1927 ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ዦርዥ ለሜትር ነው፤ ቤልጂየማዊ የካቶሊክ ቄስ። ኋላ ዓለም ከአንዲት ጥንስስ ተነሣ ያለውም እሱ ነው። የሚገርመው፣ ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1951 ይህ ሳይንስ ፍጥረትን እንደሚያረጋግጥ አድርገው ሲናገሩ ለሜትር አልወደደውም። ፊዚክሱን በፊዚክስነቱ፣ እምነቱንም በእምነትነቱ መያዝ ይፈልግ ነበር። እዚሁ አምስት ኪሎም ቢሆን፣ ሙዚየም ገብቶ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ድንቅነሽን አይቶ፣ ወጥቶ ሥላሴን ተሳልሞ የሚሄድ ሰው ሞልቷል።

«የሚጀምር ነገር ሁሉ ጀማሪ አለው፤ ዓለም ጀምሯል፤ ስለዚህ…» የሚለውም እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው አል-ገዛሊ ያጠበቀው ክርክር ነው፤ ቶማስ አኵናስም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ተቀራራቢውን አቅርቧል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይዞት ይከራከራል። ወንድምሽ «ታዲያ ጀማሪውን ማን ጀመረው?» እንደሚል አትጠራጠሪ፤ ይበል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ከአማኞች ወገን ደግሞ ደካማው «ያለ እግዚአብሔር ሰው ሁሉ ሌባ፣ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል» የሚለው ነው። እሁድ እሁድ እናቱን ይዞ የሚሄድ፣ ፀሐይም ዝናብም ከአጥር ውጭ ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ ይህን ሲሰማ ይስቃል።

ከዚያ አጎትሽ ሳያነሡት የማይቀር ሌላ አለ፦ «አምነህ እግዚአብሔር ባይኖር ምን ትጎዳለህ? ሳታምን ቢኖርስ?» ይህ ከእሳቸው በፊት እ.ኤ.አ. በ1662 የሞተው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ያነሣው ነው። ሰው አትራፊ ስለሆነ ብቻ ማመን አይችልም፤ ፓስካልም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ማመን ፈልጎ ላቃተው ሰው፣ አማኞች የሚያደርጉትን አድርግ፣ አስቀድስ፣ ጸበል ተረጭ፣ ቀስ በቀስ ይመጣል ብሎ ይመክረዋል። እናትሽ ሳያነቡት ከፓስካል ጋር ተስማሙ ማለት ነው! ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ ፓስካል የሚመክረው «ማመን እፈልጋለሁ፣ አቃተኝ» ያለውን ሰው ነው። ወንድምሽ እንዲህ አላለም።

የእናትሽን ጥቅስ በተመለከተ፣ ያንን መዝሙር እስከ መጨረሻው አብራችሁ አንብቡት። የሚናገረው ድሃን ስለሚያስጨንቁ፣ ሕዝቡን ስለሚበሉ ክፉዎች ነው። አባቱን ሲወጋ ኖሮ አሁን ግራ ስለገባው ልጅ የሚናገር አይመስለኝም። ቤተ ክርስቲያናችን ተጠራጣሪውን ቶማስን በዳግም ትንሣኤ በየዓመቱ ታነሣዋለች፤ አላባረረችውም። የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባትም በማርቆስ ወንጌል «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ነው ያለው። በቁርኣንም ነቢዩ ኢብራሂም ሙታንን እንዴት ሕያው እንደምታደርግ አሳየኝ ሲል ጌታው «አላመንክምን?» ይለዋል፤ እሱም አምኛለሁ፣ ልቤ እንዲረጋ ነው ይላል። በእኛው አገር ደግሞ የፈላስፋውን የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ ጠይቂው፤ አራት ኪሎ የሚማር ልጅ ሰምቶት ይሆናል። ካህናቱ ሲጣሉ አይቶ ዋሻ ገብቶ «የምጸልየውን የሚሰማ አለን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ጣልያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 የጻፈው የውጭ አገር ሚሲዮናዊ ነው ብሎ ከተከራከረ ወዲህ ምሁራን እስከ ዛሬ ይነታረኩበታል። የማንም ይሁን የማን፣ ያ ሰው ጥያቄውን ጠይቆ ፈጣሪ አለ ወደሚለው ነው የደረሰው። ሌላው ጠይቆ ሌላ ቦታ ሊደርስ ይችላል።

ስለ አንቺ። «ለምን እንደማምን መልስ የለኝም» ያልሽውን እንደ ጥፋት ጽፈሽዋል። ከ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ብትነሺ፣ ከመቶ 43.5 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 33.9ኙ ሙስሊም፣ 18.6ቱ ፕሮቴስታንት ነን ብለው ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ቆም ብሎ «ለምን?» ተብሎ መልስ የሚያገኘው ስንቱ ይመስልሻል? ስድስት ኪሎ ድሆችን የሚያስታምሙት እኅቶች ማኅበር መሥራች እናት ቴሬዛ እንኳ፣ ካረፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተሙት ደብዳቤዎቻቸው፣ ለብዙ ዓመታት እግዚአብሔር እንደሌለ ያህል ባዶነት ይሰማቸው እንደነበር ተነግሯል። ሥራቸውን ግን አልተዉም። ስለዚህ ለወንድምሽ ይህንኑ ንገሪው። «እኔም በደንብ አላውቅም፤ ግን አምናለሁ» ብትዪው ከአጎትሽ ቪዲዮዎች ሁሉ ይልቅ አንቺን ያደምጣል።

ዋናው ግን ይህ አይደለም። ዋናው ያ ብልቃጥ ነው። ቤታችሁ ስለ እግዚአብሔር እየተከራከረ ያለው ስለ ኢንሱሊኑ መነጋገር ስላቃተው ይመስለኛል። «ይተው» የሚለውን ማን እንደተቀበለ፣ ማን እንደገፋፋ፣ ማን ዝም እንዳለ አልጻፍሽልኝም። ወደ አጥማቂው የወሰዷቸው እናትሽ ራሳቸው ከሆኑ፣ የፋሲካ ዕለት ያለቀሱት ስለ ልጃቸው ነፍስ ብቻ አይደለም። እሱም ስለ እግዚአብሔር ሲናገር እሳቸው «ገድለሽዋል» ያላቸው ያህል ሰምተውት ይሆናል። በዚህ ሁኔታ «ማን ይቀብርሃል?» ማለት ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው። ይህን ቃል ከቤታችሁ አውጡት።

መጀመሪያ እሱን ለብቻው አናግሪው፤ እቤት ሳይሆን ወጣ ብላችሁ። ስለ እምነት አትጀምሪ። «መርፌውን ያቆምክ ዕለት ምን ተሰማህ?» በይው፤ ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ከአንቺ አፍ መስማት አለበት፤ ከሰውም አልሰማው ይሆናል። እናትሽን ደግሞ ለብቻቸው። ከዚያ የንስሐ አባታችሁን ጥሪያቸውና አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ «አጥማቂው ያለው ስሕተት ነበር» ብለው ለልጁ በአፋቸው እንዲነግሩት። ይህን ለማለት የሚያቅማሙ ከሆነ ሌላ አባት ፈልጉ። ለማሳመን ሳይሆን ለመናገር ብቻ ይምጡ፤ ቡና ይጠጡ፣ ይሂዱ።

እግረ መንገድሽን እንቅልፉን፣ ምግቡንና ትምህርቱን ተመልከቺ። ሌሊት የማይተኛ፣ ክፍል የማይገባ፣ ወይም መኖር አታከተኝ የሚል ከሆነ ጉዳዩ የሃይማኖት አይደለም፤ በቶሎ ሐኪም ዘንድ አብረሽው ሂጂ። ቁርባን እንዲቀበል ደግሞ አትገፋፉት። ሳያምን መቁረብ ለእሱም ለቤተ ክርስቲያኗም አይበጅም፤ ይህን አባቶች ሁሉ ይነግሩሻል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 የሃይማኖትና የሕሊና ነፃነት የእያንዳንዱ ሰው ነው ይላል፤ ለእናትሽ ግን ይህን አንቀጽ አትጥቀሺላቸው፣ አይረዳሽም።

ለሙት ዓመቱ ይምጣ። የአባቱ ነው፤ ከማንም በላይ የእሱ ነው። ፍትሐቱ ላይ ገብቶ ይቁም አይቁም ለራሱ ተዉለት። ሥራ ግን ስጡት፦ ድንኳኑን እሱ ያስተክል፣ ዳቦውን እሱ ይቁረስ፣ ለነዳያን እሱ ያቅርብ። ካህናቱን ቀድመሽ አናግሪያቸው፤ «ለምን አትሳለምም?» እያሉ ሰው ፊት እንዳያፋጥጡት። አጎትሽን ደግሞ ከካህናቱ ጎን አስቀምጪያቸው፤ እዚያ ተቀምጠው ቲክቶክ አይከፍቱም።